ከመስመሩ ውጪ አሥር ጣት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ካሜራ መጠገኛው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ካሜራ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቱ፣ እና በሩን በርግዳ የገባችው ፎቶ አንሺ። ራስ የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ከተቆጠረች አራት ነበሩ።

ክፍሉ አንድ ነው፤ ለሁለት ተከፍሏል። በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ የአክስቱ ሲሆን፣ የስፌት መኪናዋ፣ የጨርቅ ቁልሏና አሻንጉሊቷ ያሉት እዚያ ነው። በበሩ በኩል ያለው ግማሽ የእሱ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለ ክንድ መብራት፣ ብሎኖች በየመጠናቸው የተለዩባቸው አሥራ ስምንት የመድኃኒት ብልቃጦች አሉት። ብልቃጦቹ ላይ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

ካሜራ ሠሪው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲናገር ድምፁ ከጥርሱ ስለማያልፍ የሰፈሩ ሰው «ሹክሹክታ» ይለዋል። የጠገነውን ካሜራ ሲያስረክብ እንኳ ምን ተበላሽቶ እንደነበረና ምን እንዳደረገለት በወረቀት ጽፎ ነው የሚሰጠው፤ ይህም ከመናገር ስለሚያድነው ነው።

ፎቶ አንሺዋን ካወቃት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይወዳታል። ይህን አክስቱ ታውቃለች፤ ጎረቤቱም ያውቃል፤ አሻንጉሊቷም ጭንቅላት ቢኖራት ኖሮ ታውቅ ነበር። የማታውቀው ፎቶ አንሺዋ ብቻ ናት ብሎ ያምናል። እንዳታውቅበትም ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አንቺ» ብሏት አያውቅም፤ በአንድ ዓመት ለምታንሰው ልጅ አንቱታውን አጥብቆ ይዟል። ደፍሮ የሚያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተጠገነ ካሜራ ልትቀበል መጥታ፣ ለሙከራ ወደ አሻንጉሊቷ አነጣጥራ አንድ ዓይኗን የካሜራው ማያ መስኮት ላይ ስታደርግ። ያን ጊዜ ከጎን ሆኖ የፈለገውን ያህል ያያታል።

ዛሬ ግን ልትሞክር አልመጣችም።

«አንተ ሹክሹክታ!» አለች። ካሜራውን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተናዳም እንኳ ካሜራ ስታስቀምጥ ቀስ ብላ ነው። «መስመሬን ምን አድርገህብኝ ነው?»

«የቱን መስመር?»

«ማያው ውስጥ ያለውን ነዋ! ነጩን!»

የእሷ ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አይታይበትም። ከሌንሱ በላይ፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ መስኮት አለችው። በዚያች መስኮት ሲያዩ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በብርሃን የተሰመረ ነጭ አራት ማዕዘን ተንሳፍፎ ይቆማል። መስመሩ ውስጥ ያለው ፎቶው ላይ ይወጣል፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው ይታያል እንጂ አይወጣም። ቢያንስ ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው። ይህን ካሜራ ከያዘችው ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከዚያ በፊት በአባቷ አሮጌ ካሜራ ነበር የምትሠራው። ስትይዘውም ከፍቶ መስኮቱን የወለወለላት እሱ ነው።

ከቦርሳዋ አንድ ትልቅ ፎቶ አውጥታ ዘረጋችው። ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው መምህራኑ በሙሉ በሦስት ረድፍ ቆመው የተነሱት ነው። ክራባት የሚያንቀው አስተማሪ አለ፤ ሆዱን ወደ ውስጥ የሳበ አስተማሪ አለ። መሐል ርእሰ መምህሩ ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል። በስተግራ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሴት የጽዳት ሠራተኞች ነበሩ። አንዷ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ታዛጋለች፤ ሌላዋ በመጥረጊያው እንጨት ጀርባዋን ታክካለች።

አክስቱ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ መጥታ አየችው። «ውይ ማዛጋት!» አለች። «ሙሉ እጅ ቢገባበት እንኳ ጥርሷን አይነካም!»

«አይሳቅም እትዬ! ‹ከመስመር ውጪ ናችሁ፣ ዘና በሉ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከመስመሩ ውጪ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ ፎቶውን ሲያዩ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹የሃምሳ ዓመት ድካማችንን በአንድ ማዛጋት ገለጽሽው› አሉኝ። ሐሙስ ደግሜ ላነሳ ነው።» ወደ ካሜራ ሠሪው ዞረች። «መስኮቱን ስትከፍት መስመሩን አጣመህብኛል። እውነቱን ንገረኝና ልረፍ።»

«አልተጣመመም።»

«ምን?»

«አልተጣመመም» አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ተሰማ።

«እንዳልተጣመመ ካላሳየኸኝ ሁለቱንም ካሜራ፣ የኔንም የአባዬንም፣ ይዤ ድልድዩ ማዶ ወዳለው ሠሪ እሄዳለሁ። እሱ ቢያንስ ጠይቀውት ይመልሳል።»

 ድልድዩ ማዶ ያለው ሠሪ ተናጋሪ ነው፤ ደንበኛ እያሳቀ ያስቀምጣል፤ ሚስትም የለውም። ካሜራዎቹ ወደዚያ ከሄዱ እሷ ወደዚህ የምትመጣበት ምክንያት አይኖርም። ሱሪ እንኳ የምታሰፋው ሌላ ቦታ ነው።

«ልጄ፣ እሱ የሰው ዕቃ አያበላሽም» አለች አክስቱ ክር እየበጠሰች። «የሚያበላሸው የራሱን ዕድል ነው።»

ጆሮው ቀላ። «ካላመኑኝ…» አለ፤ «ካላመኑኝ እንለካው።»

«አንቱ አትበለኝ አላልኩህም? አንቱ ባልከኝ ቁጥር ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል።»

«እሺ… ይለካ።»

ከዚያ በኋላ አንቱም አንቺም እንዳይል ሁሉን ነገር «ይያዝ»፣ «ይምጣ»፣ «ይታይ» እያለ ይጨርሰው ጀመር። የአባቷ ካሜራ ይምጣ ሲል ካሜራው አስቀድሞ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ካሜራ ማቆሚያ ባለ ሦስት እግሩን ከበር ጀርባ አነሳ። ከአክስቱ ጠረጴዛ የልብስ ጠመኔ፣ ንድፍ የምትገለብጥበት ስስ ወረቀትና ጥቁር የገበር ጨርቅ ወሰደ።

«ጠመኔዬን እንዳትጨርሰው!» አለች አክስቱ። «ጨርቁንም መሬት እንዳታስነካው! ልጅቷንም እንዳታስቀይማት!»

ከሕንፃው ጀርባ ሰፊ ግቢ አለ፤ ዳር እስከ ዳር በኖራ የተቀባ ረጅም ግንብ ያጥረዋል። ካሜራ ሠሪው ከግንቡ ሁለት እርምጃ ርቆ ማቆሚያውን ተከለ፤ መጀመሪያ የእሷን ካሜራ አሰረበት። እሷ ጎንበስ ብላ በማያው አየች። እሱ ጠመኔውን ይዞ ግንቡ አጠገብ ቆመ።

«ግራ… ግራ… ኧረ የኔን ግራ ነው! እሺ፣ እዚያ ላይ። መስመሩ የሚያልቀው እዚያ ነው።»

አሰመረ። ቀኙንም እንዲሁ። ሁለት ነጭ ምልክት በነጭ ግንብ ላይ አይታይም ብላ ሳቀችበት፤ ሰማያዊ ጠመኔ ሊያመጣ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ። ከዚያ የካሜራውን ጀርባ ከፈተ። ፊልሙ በሚተኛበት ቦታ ስሱን ወረቀት ለጠፈ፤ መዝጊያውም ተከፍቶ እንዲቆይ አደረገ። ፊልሙ የሚያየውን ነገር ወረቀቱ ላይ ማየት ይቻላል፤ ግን ብርሃን ከበዛ አይታይም። ስለዚህ ጥቁሩን ጨርቅ ካሜራው ላይ ጣለ።

«እዚህ ውስጥ ገብቶ ይታይ» አለ።

«ማን ገብቶ?»

«ይገባና…»

ራሷን ጨርቁ ውስጥ አስገባች። «ምንም አላይም። አንተም ግባና አሳየኝ እንጂ።»

ገባ። ጨርቁ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ነው። የእሷ ፀጉር ጉንጩን ነካው። ለትንሽ ጊዜ የመጣበት ነገር ጠፋው። ከፊታቸው፣ ቴምብር በምታህል ወረቀት ላይ፣ ግንቡ ተገልብጦ ተቀምጧል። ሰማያዊዎቹ ምልክቶች ዳር ላይ መሆን ሲገባቸው ወደ ውስጥ ገባ ብለዋል። ከእነሱ ውጪ ተጨማሪ ግንብ ይታያል።

«ቆይ» አለች በዝግታ። «ይሄ ሁሉ ትርፍ ነው?»

«አራት ጣት በዚህ፣ አራት ጣት በዚያ።»

የአባቷን ካሜራም በዚያው ቦታ አስረው እንዲሁ አዩ። የአባቷ መስመርና ወረቀቱ ልክ ለልክ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ትርፉ ከአንድ ጣት አይበልጥም።

ከጨርቁ ሲወጡ የእሷ ፀጉር ተንጨባሯል፤ የእሱ ፊት እንደ ፍም ሆኗል። ያን ዕለት ከተወለደ ጀምሮ ረጅሙን ንግግር ተናገረ። ሌንስ ቅርብ ላለ ነገር ሲስተካከል የሚያየው ይጠባል፤ ሩቅ ላለ ነገር ሲስተካከል ይሰፋል። መስመሩ ግን አይሰፋም፣ አይጠብም፤ እንደተሠራ ይኖራል። የእሷን ካሜራ የሠሩት ሰዎች፣ በጣም ቀርቦ የተነሳ ሰው ጭንቅላቱ እንዳይቆረጥ ብለው፣ መስመሩን በጠባቡ ልክ አሰመሩት። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚይዘው አሳንሶ ያሳያል፤ በራቁ ቁጥር ደግሞ ትርፉ ይበዛል። የአባቷን የሠሩት ግን ትንሽ ራቅ ላለ ሰው ብለው ነው ያሰመሩት። አንዱም አልተጣመመም። ልማዳቸው ነው የሚለያየው።

ይህን ሁሉ የተናገረው ጠመኔውን እያየ ነው።

 «ሹክሹክታ» አለች በመጨረሻ። «ለካ እንዲህ ታወራለህ?»

«ስለ መስመር ሲሆን ነው።»

«በል ይቅርታ። በከንቱ ስጮህብህ ዋልኩ።» ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። «ደግሞ አንተ ባትኖር ከማን ጋር እጨቃጨቅ ነበር?»

ይህ ነው ያጠፋው። ከዚህ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ይህን ዓረፍተ ነገር በልቡ እየደጋገመ ነው።

«ለርእሰ መምህሩ የማሳየው ነገር ግን ያስፈልገኛል» አለች ፊልም እያጎረሰች። «ወረቀት ላይ አየሁ ብላቸው አያምኑም። በሁለቱም ካሜራ እናንሳው።»

የቱ ፎቶ በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ እንዳይምታታ ካሜራ ሠሪው ከካርቶን ሁለት ሰሌዳ ቆረጠ። አንዱ ላይ «የአባት»፣ ሌላው ላይ «የልጅ» ብሎ በወፍራም እርሳስ አሳምሮ ጻፈ። እሱ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ሰሌዳውን ወደ ውስጥ ሊይዝ ነው። የት ይቁም? አሰበበት። ከአራት እርምጃ ርቀት ሊያነሱ ነው፤ በሁለት እርምጃ አራት ጣት ከሆነ በአራት እርምጃ ስምንት ጣት ይሆናል፤ ለጥንቃቄ ሁለት ጣት ጨምሮ አሥር። ከምልክቱ አሥር ጣት ከራቀ ፊልሙ አያገኘውም።

እሱ ሰሌዳው ላይ ፊደሎቹን ሲያጠቁር እሷ ማቆሚያውን አንስታ እየራቀች ሄደች።

«ትምህርት ቤቱ ግቢ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ነበር» ብላ ከሩቅ ጮኸች። «እንደዚያው ይሁን!»

«ይሁን!» አለ።

እንደገና ግራ ቀኝ አስባለችው፤ አዲስ ምልክት አደረገ። ከምልክቱ አሥር ጣት ለካ። ቆመ። ዘንበል ብሎ ክንዱን ዘረጋና ሰሌዳውን ያዘ።

«ወጥቻለሁ?» ሲል ጠየቀ።

እሷ በማያው አየች። የእሷ አያያዝ ከሌላ ሰው ይለያል፤ ቀኝ ዓይኗን ማያው ላይ ታደርጋለች፣ ግራውን ግን አትጨፍንም። ካሜራው አጠገብ ያ ግራ ዓይኗ ተከፍቶ ይታያል።

«ወጥተሃል!» አለች። «ዘና በል!»

የነጭ መስመርን ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። እሷ «ወጥተሃል» ስላለችው ግን አመነ። ዘና አለ። በአባቷ ካሜራ ሦስት ጊዜ፣ በእሷ ካሜራ ሦስት ጊዜ አነሳች፤ ስድስቱንም ጊዜ እሱ ያን ግራ ዓይን ሲያይ ቆየ። ማንም የማያየው ሰው እንደሚያይ ነው ያየው።

ፊልሞቹን ይዛ ሄደች። ራሷ አጥባ ራሷ ነው የምታትመው።

ካሜራ ሠሪው ምልክቱን ሊያጠፋ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደ ግንቡ ተመለሰ። የማቆሚያው እግር መሬቱ ላይ ሦስት ጉድጓድ ትቷል። ከጉድጓዶቹ እስከ ግንቡ፣ ለወጉ ያህል፣ በእርምጃ ለካ። አንድ፣ ሁለት… አሥር። ቆመ። አራት ጣት አምስት ጊዜ ሲሆን ስንት ነው? በጣቶቹ ቆጠረ። ሃያ። እሱ የቆመው አሥር ላይ ነው።

እርጥቡ ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆንክ?» አለች አክስቱ ወደ ክፍሉ ሲገባ። «መንፈስ ያየህ ትመስላለህ።»

«እኔ ነኝ የታየሁት።»

ነገራት። አክስቱ መኪናዋን አቁማ ሰማችው፤ ከዚያ ሳቀች። ተደፍታ ሳቀች። መርፌ መያዣ ትራሷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንተ ልጅ! እነዚያን ሁለት ምስኪን ሴቶች ምን ብለህ ነበር? ፊልሙ ከመስመሩ ውጪም ያያል አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወጥተሃል አለችኝ።»

አክስቱ ሳቋን አቆመች። እንባዋን ጠረገች። «ውይ የኔ ልጅ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ለአክስቱ ትቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ የሚለውን አዘጋጀ፤ ፊልሙን እኔ ልጠበው፣ የኬሚካሉን ሙቀት መሞከር ፈልጌ ነው ይላል። ውሸት መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን ሌላ አልመጣለትም። ያ ፊልም ከታተመ ደብቆ የኖረው ሁሉ ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፍራ ትቀራለች፤ ወይም ተቆጥታ ድልድዩን ትሻገራለች።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሌንስ ይወለውላሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ፎቶ አያነሱም፤ መወልወል ግን አልተዉም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ።»

«ማነው? ሹክሹክታ ነህ? ድምፅህን ሳይሆን ጫማህን ነው የማውቀው።» ፈገግ አሉ። «ለካሜራዬ መሰከርክለት አሉ። ልክ ለልክ አይደል?»

«ልክ ለልክ ነው ጋሼ።»

«አርባ ዓመት! አንድ ሰው አላስቀረሁበትም፣ አንድ ሰው አላስገባሁበትም። ግባ፣ ውስጥ ናት።»

«ፊልሙ… ገና አልታጠበም አይደል?»

«ትናንት አጥባ፣ ዛሬ አትማ ጨረሰችው» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስተው፣ ለሌንሱ የሚናገሩ ይመስል፣ «ቆንጆ ወጥቷል» አሉ።

እግሩ ወደ ኋላ ሊመልሰው ፈለገ። ግን እሷ ከውስጥ «ማነው?» አለች፤ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ስድስቱ ፎቶዎች በፊልሙ ልክ ትንንሽ ሆነው በሁለት ረድፍ ታትመውበታል። አጠገቡ ማጉያ መነጽርና ቀይ እርሳስ አለ። እሷ የሥራ ሰው ፊት ይዛለች።

«ና እይ። የላይኛው የአባዬ ነው። ምልክቱ ዳር ላይ ነው ያለው፤ ያንተ እጅና ሰሌዳው ብቻ ነው የወጣው። ሐሙስ በዚህ ነው የማነሳው።» በቀይ እርሳስ አሳየችው። «የታችኛው የኔ ነው። ምልክቱ የት እንደገባ አየህ? ክንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ርእሰ መምህሩ ይህን ካዩ አፋቸውን ይይዛሉ። እውነትህን ነበር።»

ሌላ ነገር አላለችም። ማጉያውን ሰጠችው። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው፤ ጎንበስ ብሎ አየ።

በታችኛው ረድፍ፣ በሦስቱም ፎቶዎች ግራ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰው ዘንበል ብሎ «የልጅ» የሚል ሰሌዳ ይዟል። አንድ ጆሮው ተቆርጧል፤ ሌላው ፊቱ ሙሉ ነው። ሰውየው ሰሌዳውን አያይም። ምልክቱን አያይም። ከሌንሱ ትንሽ ወደ ጎን ነው የሚያየው። የዚያን ሰው ፊት አይቶ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ማጉያ አያስፈልግም ነበር።

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንደሚሆነው ሆነ። ከማጉያው ቀና ማለት አቃተው።

«ወጥተሃል ብለውኝ…» አለ ጎንበስ እንዳለ።  «ወጥተሃል ብለሽኝ ነበር።»

«ምን አልክ?»

«ወጥተሃል ብለሽኝ ነበር።»

ከበሩ በኩል የሽማግሌው ሳል ተሰማ፤ ጉንፋን ያለበት ሰው ሳል አይመስልም።

«ከመስመሩ ወጥተህ ነበር» አለች ፎቶ አንሺዋ። «አልዋሸሁም። ፎቶው ላይ አትወጣም ግን አላልኩህም። ሁለት ሲሆን አራት፣ አሥር ሲሆን ሃያ፤ ይሄን ያህል ሒሳብ እኔም አውቃለሁ። አሥር እርምጃ ድረስ የራቅኩት እግሬን ላፍታታ መሰለህ?»

ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ካሜራ ልቀበል በመጣሁ ቁጥር ወደ አሻንጉሊቷ አነጣጥር የለም?» አለች። የሥራ ሰው ፊቷ ጠፍቷል። «ይሄ ዓይነት ካሜራ ምኑ ጥሩ ነው መሰለህ፤ ከመስመሩ ውጪ ያለውንም ያሳያል። አንተ ሁልጊዜ ከመስመሩ በስተግራ ነህ። ብልቃጥህን ይዘህ። ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼሃለሁ። ማሳየት ግን አልቻልኩም፤ አላየሁም ብትለኝስ? አንቱ ብለህ ብታመልጠኝስ? ስለዚህ ማስረጃ ያዝኩ።»

«ለርእሰ መምህሩ ነበር ማስረጃው» አለ።

«የላይኛው ረድፍ ለሳቸው ነው። የታችኛው ለኔ።» ጣቷን የእሷ ካሜራ ላይ አሳረፈች። «መስመሩ ተጣመመ ብዬ ስቆጣ፣ ለካ ጠባዩ ነው። እንዳንተው ነው። የያዘው ብዙ፣ የሚያሳየው ትንሽ።»

ካሜራ ሠሪው አፉን ከፈተ። እሷ ጠበቀች። ሽማግሌውም በር ላይ መወልወላቸውን አቁመው ጠበቁ።

«ድልድዩ ማዶ ወዳለው ሠሪ አትሂጂ» አለ።

ከወትሮው ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። መንገድ ላይ የምታልፍ ሴት ሳትቀር ዞር ብላ አየች።

«ሰማሁህ» አለች ፎቶ አንሺዋ እየሳቀች። «ኧረ ሰፈሩ ሁሉ ሰማህ።»

ሐሙስ ጠዋት የመምህራኑ ፎቶ በአባቷ ካሜራ በድጋሚ ተነሳ። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች መሐል ገብተው ከርእሰ መምህሩ ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ማንም አላዛጋም። ካሜራ ሠሪውና ፎቶ አንሺዋ ከአምስት ወር በኋላ ተጋቡ። የሠርጉን ፎቶ አባቷ ለዚያ ቀን ብቻ ብለው በአሮጌው ካሜራቸው አነሱ፤ አክስቱ መስመሩ ላይ ቆማ ስለነበር ግማሽ ክንዷ ተቆርጧል።